ሦስት ጊዜ የታጠበው ብርሌ

የሐምሌ ዝናብ መርካቶ ላይ ሲወርድ ጌታና ኩሊ አይለይም። በ1972 ዓ.ም. አንድ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ እትዬ የሺ ግማሽ ጆንያ ጌሾ አሸክመው ወደ ራጉኤል ሲመለሱ ዝናቡ ድንገት ለቀቀው። ኩሊው ሸክሙን ጭቃ ላይ ጥሎ አንድ በረንዳ ሥር ተወሸቀ። እትዬ የሺ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ጆንያውን በአንድ እጃቸው እየጎተቱ፣ የኩሊውን ዘር ማንዘር ይራገሙ ጀመር። ሲራገሙ ደግሞ ለጉድ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ጠጅ ቤት ያስተዳደረ ሰው ቃል አይቸግረውም።

«ይተዉት እትዬ፣ እኔ ልያዝልዎ» አለ ከኋላቸው አንድ ድምፅ።

ዞር ቢሉ ዕድሜው ከሃያ አምስት የማይበልጥ፣ ቀጠን ያለ፣ ትንሽ የቆዳ ቦርሳ በትከሻው ያንጠለጠለ ወጣት ቆሟል። መልስ ሳይጠብቅ ጆንያውን አንስቶ ተሸከመው። ጌሾው ዝናብ ጠጥቶ ከብዷል፤ ልጁ ግን አላማረረም።

«ወንድ ልጅ እንዲህ ነው እንጂ። የማን ልጅ ነህ አንተ?»

«እዚሁ ሸማ ተራ ነው ያደግሁት። አሁን ክፍለ ሀገር ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው፤ ጤና ረዳት ነኝ። እናቴን ልጠይቅ ፈቃድ ወስጄ መጣሁ።»

«ተባረክ። እናትህ ታድላለች» አሉ እትዬ የሺ። ያሉት ከልባቸው ነበር፤ እሳቸውን ልጅ ከጠየቃቸው ሁለት ዓመት ተኩል ሆኗቸዋል።

ወደ ሰፈሩ ሲታጠፉ በር ላይ የቆመ ልብስ ሰፊ «እትዬ የሺ፣ በዚህ ዝናብ ከየት ነው?» ብሎ ሰላምታ ሰጣቸው። ልጁ እርምጃው ተገታ። ጆንያውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ፣ ሴትዮዋን ትክ ብሎ አየ፣ ከዚያ ተከተላቸው። እሳቸው ሸክሙ የከበደው መሰላቸው።

ጠጅ ቤቱ ረጅም ክፍል ነው። ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፤ ከጓዳው በር አጠገብ ባለው መደርደሪያ ላይ ደግሞ ሆዳቸው ክብ፣ አንገታቸው ጣት እንኳ የማያስገባ ብርሌዎች ተደፍተው ያበራሉ። ድሮ በዚህ ሰዓት መቀመጫ አይገኝበትም ነበር። ዛሬ ግን አንድም ሰው የለበትም፤ ለዚህም ጥፋቱ የዝናቡ ብቻ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1970 ጥር ላይ የእትዬ የሺ አንድያ ልጅ ወሰንየለሽ ታጭታ ነበር። እጮኛዋ ኪዳነ ማርያም ይባላል፤ ሸማ ተራ ከአባቱ በወረሰው ሱቅ ጋቢና ነጠላ የሚሸጥ፣ አንገቱን የደፋ፣ ሰፈሩ የመሰከረለት ልጅ ነው። አንድ እሑድ ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ አማቱን ሊጠይቅ መጣ። አንድ ብርሌ ጠጅ ጠጣ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ትንፋሽ አጥሮት ሞተ። በማግሥቱ ሰፈሩ በሙሉ «አማቱ መርዝ አጠጣችው» አለ። ቀበሌው እትዬ የሺን አሥራ አንድ ቀን አስሮ ለቀቃቸው፤ ነፃ ናቸው ብሎም አይደለም። በዚያ ዓመት ሰው በጥይት እየወደቀ ሬሳው በየአስፋልቱ ሲያድር፣ በጠጅ ሞተ የተባለን አንድ ነጋዴ ጉዳይ ቁጭ ብሎ የሚመረምር ማን ነበር?

እትዬ የሺ ከእስር ሲወጡ ወሰንየለሽ ጓዟን ጠቅልላ አክስቷ ሸዋገነት ቤት ገብታ ቆየቻቸው። ሸማ ተራ አጠገብ ካለ የልብስ ስፌት ማኅበር ተቀጥራ ትሠራለች፤ መንገዱ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ራጉኤል በር ላይ ከእናቷ ጋር ስትገጣጠም ዐይኗን መሬት ተክላ ታልፋለች። የጠጪው መሸሽ፣ የጎረቤቱ ሐሜት ለእትዬ የሺ ምንም አልነበረም። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጃቸው ገዳይ እንዳልሆኑ አምና አንድ ቀን «እማዬ» እንድትላቸው።

አሁን ወደ ዝናቡ እንመለስ። እትዬ የሺ እንግዳቸውን አስቀመጡና ከመደርደሪያው አንድ ብርሌ አንስተው ሞሉ። እንደ ደንቡ ከጠጁ ጠብ አድርገው በመዳፋቸው ቀመሱ።

«እንካ ልጄ። ብርዱ ይውጣልህ።»

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። አልጠጣም።»

«አትግደርደር። ቤትህ ነው፤ በሞቴ።»

«አልተግደረደርኩም። ኦቾሎኒ አይስማማኝም።»

እትዬ የሺ እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ይህንን ቃል በሕይወታቸው ከአንድ ሰው አፍ ብቻ ነው የሰሙት፤ ያ ሰው ደግሞ አፈር ከለበሰ ቆይቷል። ብርሌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«እኔ የሰጠሁህ ጠጅ ነው። ኦቾሎኒ አለበት ያለህ ማነው?»

«ማንም አላለኝም። ይኑርበት አይኑርበት ስለማላውቅ ነው የማልጠጣው።»

«ማነህ አንተ?»

«ሙሉብርሃን እባላለሁ። የኪዳነ ማርያም ታናሽ ወንድም ነኝ። እሱ ሲሞት ጎንደር ለሥልጠና ሄጄ ነበር፤ ለቀብሩ እንኳ አልደረስኩም።»

እትዬ የሺ ከፊቱ ተቀመጡ። መጀመሪያ የመጣላቸው ፍርሃት ነው፤ ቀጥሎ ቁጣ መጣ፤ ቁጣው ይሻላቸዋል።

«ልትበቀለኝ ነዋ የመጣኸው?»

«ጌሾዎን ተሸክሜ?» አለ ልጁ፤ ፈገግታ ቢጤ ፊቱ ላይ ታይታ ጠፋች። «ማን መሆንዎን ያወቅሁት ሰውዬው ሲጠራዎት ነው። ጆንያውን ጥዬ ልሄድ ነበር። ከዚያ አሰብኩና፣ ሁለት ዓመት በልቤ የያዝኩትን ነገር ከእርስዎ በቀር የሚመልስልኝ የለም ብዬ ገባሁ።»

«ምን ልመልስልህ? መርዝ አልሰጠሁትም። ልጄን ልድርለት የነበረ ሰው ነው። ከዚህ ከመዳፌ ቀምሼ ነው የሰጠሁት፤ መርዝ ቢሆን ኖሮ እኔ ነበርኩ የምቀድመው።»

«እንዳልመረዙት አውቃለሁ።»

እትዬ የሺ ቀና አሉ። ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ ይህን ያላቸው ሰው አልነበረም። እንባቸው መጣ፤ ግን እንግዳ ፊት ማልቀስ ስለማይወዱ በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ጠረጉ።

«እናትህስ?»

«እናቴ እስከ ዛሬ ትረግምዎታለች። ልዋሽዎት አልችልም።»

«ትርገመኝ፤ እናት ናት። ገዳዩን ግን እኔ እነግርሃለሁ። ሸማ ተራ ሰው ጠልቶት ነበር። ወጣት ሆኖ፣ ሱቅ ይዞ፣ ገበያው ቀንቶት፣ ጥሩ ልጅ አጭቶ እያዩ ዝም ይሉታል? መተት ነው። ወይም የሰው ዐይን በልቶታል። ከንፈሩ ሲያብጥ፣ ፊቱ ሲቀላ፣ ጉሮሮውን ሲይዝ በዐይኔ አይቻለሁ። ይህ የእግዜር በሽታ አይደለም።»

«የእግዜር በሽታ ነው እትዬ፤ ስምም አለው። ሐኪሞቹ አለርጂ ይሉታል። ያንድ ሰው ሰውነት ለሌላው ምግብ የሆነውን ነገር እንደ ጠላት ይቆጥረዋል። ኪዳኔና እኔ ከኦቾሎኒ ጋር እንዲያ ነን። ልጆች ሆነን እናታችን አንድ ፍሬ አቅምሳን ሁለታችንም ፊታችን አብጦ ዐይናችን ተደፈነ። ከዚያ በኋላ ቤታችን ኦቾሎኒ ገብቶ አያውቅም።»

«እሱማ ነግሮኛል» አሉ እትዬ የሺ። «እንደተቀመጠ ነው የነገረኝ፤ አልደበቀም። እኔም ደንቆሮ አይደለሁም። ለእንግዳ ያቀረብኩትን ቆሎ ኦቾሎኒ አለበት ብዬ ከነሰሃኑ አነሳሁ። ከዚያ ደግሞ ጠጁን ትቶ ቢራ ጠየቀኝ፤ እሱንም ጠርሙሱ እዚሁ ፊቴ ይከፈትልኝ አለኝ። ተናደድኩ፤ አልዋሽህም። ሃያ ዓመት አገር የጠጣውን ጠጅ ናቀው፣ አማቱን እንደ መርዘኛ ቆጠራት አልኩ። ‹በሞቴ› አልኩት። እንደገና እምቢ አለ። ‹አፈር ስሆን› አልኩት። ጠጣ።»

ሙሉብርሃን ቦርሳውን ከትከሻው አወረደ። ሲናገር ድምፁ ዝግ ያለ ነበር፤ የአነጋገሩ ትሕትና ግን አልተለየውም።

«እትዬ፣ እኛ አገር እምቢታ እንደ እምቢታ አይቆጠርም። እንግዳ እምቢ ሲል ተግደረደረ እንላለን፤ አስተናጋጅ ሦስት ጊዜ ‹በሞቴ› ካላለ ንፉግ ይባላል። ለምግብም ለመጠጥም አንድ ሕግ ነው ያለን፣ እሱም ማስገደድ ነው። አይስማማኝም የሚል ሰው ግን እየተግደረደረ አይደለም። ሕይወቱን እየለመነ ነው። ወንድሜ ሁለት ጊዜ ለመነ።»

«ጠጁ ምን አለበትና ልጄ? ጠጅ ማር፣ ውሃና ጌሾ ነው። ሌላ ባዕድ ነገር የለበትም።»

«ለእሱ ነው ሁለት ዓመት መልስ ያጣሁት። ጠጁ ንጹሕ ከሆነ ከየት መጣ? ኪዳኔ ጠጅ ጠጥቶ ያውቃል፤ ሌላ ቦታ ምንም አልሆነም።»

«ይኸው፤ አንተም ራስህ አልከው። ስለዚህ የሰው ዐይን ነው» አሉ እትዬ የሺ ድል እንዳደረጉ።

ያን ጊዜ የጓዳው በር ተገፋና ጎረቤታቸው ጠሂራ ገባች። ጠሂራ የወሎ ሴት ናት፤ ከጠጅ ቤቱ ጎን ባለች ሱቋ ቆሎና ኦቾሎኒ እየቆላች ትሸጣለች። ጠጅ አትቀምስም፤ የየሺ ነገር ግን አይሆንላትም፤ ሰፈሩ ሁሉ ሲርቃቸው እሷ አልራቀችም። በእጇ አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ይዛለች።

«የሺዬ፣ የብርሌሽን አመጣሁልሽ። ዛሬ ብዙ ተፈርፍሯል» አለችና እንግዳ ስታይ ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ተመለሰች።

ሙሉብርሃን ወደ ጣሳው ጎንበስ አለ። ውስጡ የኦቾሎኒ ፍርፋሪና ቀይ ስስ ልጣጭ ነው። ድንገት ወደ ኋላ ተሳበ፤ ወንበሩንም ከጠረጴዛው አራቀ።

«ይህ ለምንድነው?»

«ለማጠቢያ ነው» አሉ እትዬ የሺ፤ በሙያቸው የሚኮሩ ሴት ናቸውና ቁጣውን ለጊዜው ረሱት። «የብርሌ አንገት እጅ አያስገባ፤ ብሩሽ አያስገባ። ድሮ ገብስና ውሃ ጨምረን እያንኳኳን ነበር የምናጥበው። ኋላ እህል በቀበሌ ሱቅ በኪሎ መታደል ሲጀምር፣ ገብስ ለሰው ያልበቃውን ለብርሌ ከየት ላምጣ? እህት ጠሂራ ከወንፊቷ የሚቀረውን ፍርፋሪ ስጠኝ አልኳት። ብታይ፣ ከገብስ ይሻላል። ቅባት ስላለው ያንጸባርቀዋል። የኔን ብርሌ አይቶ ያልቀና ጠጅ ሻጭ የለም።»

ልጁ ዐይኑን ከጣሳው አነሳ። መደርደሪያውን ያያል። እትዬ የሺም ዐይኑን ተከትለው መደርደሪያውን አዩ፤ ከዚያ ጣሳውን አዩ፤ ከዚያ እንደገና ልጁን።

«መቼ ነው የጀመሩት?» አለ ሙሉብርሃን።

«በስልሳ ዘጠኝ። መስከረም ላይ» አሉ። ከዚያ ቶሎ ብለው፣ «ግን ይታጠባል እኮ ልጄ። ፍርፋሪው ወጥቶ በውሃ ይለቀለቃል። የእሱን ደግሞ እኔ ራሴ ነኝ ያጠብኩት። የሌላውን አንድ ጊዜ፣ የእሱን ሦስት ጊዜ። መራጭ ልጅ ነው፣ ልጄንም ሊወስድ ነው፣ እንከን እንዳያገኝብኝ ብዬ ሦስት ጊዜ አጠብኩት።»

«በምን?»

እትዬ የሺ ጣሳውን አዩ።

«እትዬ፣ እኔ ከምልዎት የእርስዎ ዐይን ቢያይ ይሻላል። የፈላ ውሃ አለ?»

ውሃ አመጡ፤ ተጥዶ የቆየ ነበር። ሙሉብርሃን ብርሌው እንዳያቃጥላቸው መሐረቡን ሰጥቷቸው፣ ከመደርደሪያው ካሉት እሳቸው ራሳቸው አንዱን እንዲመርጡ ጠየቀ። እትዬ የሺ ከሁሉ የሚያበራውን መረጡ። ሙቁን ውሃ አንገቱ ድረስ እንዲሞሉት፣ በአውራ ጣታቸው ዘግተው እንዲነቀንቁት፣ ወደ ነጭ የሸክላ ስኒም እንዲገለብጡት ነገራቸው፤ እሱ ራቅ ብሎ ቆመ። ውሃው ስኒው ውስጥ ሲረጋ ላዩ ላይ ክብ ክብ የዘይት ዐይኖች ወጡ። ከመሀላቸው አንዲት የጥፍር ቁራጭ የማታክል ቀይ ልጣጭ ትንሳፈፋለች። ንጹሕ ነው ከተባለው ብርሌ የወጣ ነው።

እትዬ የሺ ስኒውን ወደ በሩ ብርሃን ወስደው አዩት። ብዙ ጊዜ አዩት። አሁንም ግን ሰው እንዲህ በቀላሉ አይረታም፤ እየተረቱ መሆናቸውን ያወቁ ሰዎች ደግሞ የመጨረሻውን ክርክር አጥብቀው ይይዙታል።

«ይህቺ? ይህቺ ዛፍ የሚያክል ጎረምሳ ትገድላለች? እኔ ቀምሼዋለሁ፤ ምንም አልሆንኩም።»

«የእርስዎ መቅመስ ለእርስዎ ብቻ ነው ምስክርነቱ። ሰው ቀምሶ ሲሰጠን መርዝ የለበትም ማለት ነው፤ ለኔ ይስማማኛል ማለት ግን አይደለም። ትንሽነቷንም አይመልከቱ። የጠላት ሰውነት መጠኗን አይጠይቅም፤ ቅንጣት ከበቃችው በቃችው ነው። ከአልኮል ጋር ሲሆን ደግሞ ይብሳል። መጠጥ ደም ያፋጥናል፤ ነገሩ ቶሎ ይሰራጫል። ከሁሉ የከፋው ግን ምልክቱን መደበቁ ነው። ፊቱ ቀላ?»

«ቀላ።»

«ምላሱ ተሳሰረ?»

«ተሳሰረ። ጓደኞቹ ሳቁበት» አሉ እትዬ የሺ ቀስ ብለው። «‹በአንድ ብርሌ!› ብለው ሳቁበት። እኔም ሳቅሁ። ሲቆም ተንገዳገደ። ጠጁ ጠንክሮበት ነው፣ ይተኛና ይለቀዋል አልኩ። ጋቢ አልብሼ በጀርባው አስተኛሁት። ሎሚ በውሃ አጠጣሁት። ጉሮሮውን ሲይዝ እንኳ ሊያስመልሰው ነው ብዬ ሳፋ ላመጣ ሄድኩ።»

ልጁ ፊቱን አዞረ። ጤና ረዳት ነው፤ ብዙ ሰው ሲሞት አይቷል፤ የወንድሙን አሟሟት ግን እንዲህ ከነሎሚው የነገረው አልነበረም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እትዬ የሺ ጠየቁት።

«ምን ባደርግ ይድን ነበር? አትሸነግለኝ።»

«አልሸነግልዎትም። ከንፈሩን ሲያሳክከው፣ አንደበቱ ሲከብድ ያኔውኑ መኪና ማስቆም ነበረ። ሆስፒታሉ ከዚህ ሩቅ አይደለም። አድሬናሊን የሚባል መርፌ አለ፤ በጊዜው ከተወጋ የተዘጋውን ጉሮሮ ይከፍታል። መንገድ ላይ የሚጠጣ ነገር አይሰጠውም። መተንፈስ ካቃተው በጀርባው አይተኛም፤ ተደግፎ ይቀመጣል። ሰከረ ብሎ መተው ነው የገደለው እንጂ ጊዜ ነበረው። ጓደኞቹ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ ብለዋል።»

«ግማሽ ሰዓት» አሉ እትዬ የሺ። ከዚያ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩና አለቀሱ፤ እንግዳ ፊት መሆናቸውንም ረሱት።

ብዙ ቆይተው፣ «አንተስ? እንዲህ ሆነህ እንዴት ከሰው ጋር ትጠጣለህ?» አሉ።

«ብዙ ጊዜ አልጠጣም፤ ስጠጣ ግን እንዲህ ነው። ፊቴ የተከፈተ ቢራ ከነጠርሙሱ እጠጣለሁ፤ የማላውቀው ቤት ብርጭቆና ብርሌ አልነካም። ብርጭቆ ካስፈለገ አፉ ሰፊ የሆነውን፣ እጅ ገብቶ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ያጠበውን። የሌላ ሰው ትራፊ አልጠጣም፤ እሱ ኦቾሎኒ ሲቆረጥም ቆይቶ ይሆናል። ከውጭ የሚመጡ ጣፋጭ መጠጦች አሉ፣ ለውዝና የመሳሰለው ፍሬ የሚዘፈዘፍባቸው፤ ጽሑፉን አንብቤ ያልገባኝን አልቀምስም። ብቻዬን አልጠጣም። አብሮኝ ላለው ሰው ነገሩን አስቀድሜ እነግረዋለሁ፤ ከንፈሬ ሲያብጥ ካየህ አትሳቅ፣ ሆስፒታል ውሰደኝ እለዋለሁ። አልሰክርም፤ የሰከረ ሰው ጉሮሮው ሲጠብ አያውቀውም። ሰው ‹በሞቴ› ሲለኝ ደግሞ እሺ አልልም። ባለጌ ቢለኝ ይበለኝ። ኪዳኔ ጨዋ ነበር፤ ጨዋነቱ ነው የቀበረው።»

እትዬ የሺ ተነሥተው ጣሳውን አነሱና በጓዳው በር ወደ ውጭ፣ ዝናቡ ውስጥ ወረወሩት። ከዚያ ተመልሰው ልጁ ፊት ቆሙ።

«ስትገባ መርዘኛ አይደሉም አልከኝ። ደስ አለኝ። አሁን ደግሞ ገዳይ መሆኔን ነግረኸኝ ልትሄድ ነው።»

«አላወቁም ነበር እትዬ።»

«ሞቶ የለም ወይ?» አሉ። ሙሉብርሃን ቦርሳውን አንስቶ እጅ ነሥቶ ወጣ።

በማግሥቱ ጧት እትዬ የሺ አንድ ብርሌ በነጠላቸው ጠቅልለው ወደ ስፌት ማኅበሩ ሄዱ። ሌሊቱን ሲያወጡ ሲያወርዱ ነበር። ዝም ቢሉ ሐሜቱ እንደነበረ ይቀጥላል፤ ቢናገሩ ደግሞ ልጃቸው የምትጠረጥረውን በራሳቸው አፍ ማጽደቃቸው ነው። ገዳይ እንዳልሆኑ ልትሰማ ስትችል፣ መሆናቸውን ሊነግሯት ነው የሚሄዱት። ሆኖም ሄዱ፤ ለዚህ ነገር የሚበቃ ድፍረት በዚያ ሰፈር ወንድ እንኳ ያለው አይመስለኝም።

ወሰንየለሽ ከስፌት መኪናዋ ተጠርታ ወደ በረንዳው ወጣች። ከስታለች። ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ ቆመች።

«እንድታዪኝ አልልሽም» አሉ እናቷ። «ስሚኝ ብቻ። መርዝ አልሰጠሁትም። ግን የገደልኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ ስለ ጣሳው፣ ስለ ፍርፋሪው፣ ሦስት ጊዜ ስለማጠባቸው፣ ስኒው ላይ ስለወጣው ዘይት አንድ ሳያስቀሩ ነገሯት። «እምቢ ብሎኝ ነበር። በሞቴ ብዬ አስገደድኩት። አንቺ የተጠየፍሽኝ እውነት ነበረሽ።»

ወሰንየለሽ ብርሌውን ተቀበለቻቸው። አንገቱን በጣቷ ዳሰሰች።

«መቼ ተጠየፍኩሽ?» አለች። «በመርዙ አንድ ቀን አላመንኩም። አንቺን ማየት ያቃተኝ በሌላ ነው። አንቺ ጓዳ ስትገቢ ወደ እኔ ዘወር ብሎ ‹ፈራሁ ወሰኔ፣ ልተወው› አለኝ። እኔ ነኝ ‹እናቴን አታሳፍራት፣ ለእኔ ስትል ጠጣላት› ያልኩት። በአንቺ በሞቴ አልጠጣም እማዬ። በእኔ ነው የጠጣው።»

እትዬ የሺ ሁለት ዓመት ተኩል የናፈቁትን ቃል ሰሙ። እንዲህ ሆኖ ይመጣል ብለው ግን አልጠበቁም። እናትና ልጅ በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ውስጥ መኪኖቹ ይሰፋሉ።

ይህ ከሆነ በኋላ በእትዬ የሺ ቤት ብዙ ነገር ተለወጠ። ኦቾሎኒ ከደጃፉ አያልፍም። ጠሂራ ነገሩን ስትሰማ ሦስት ቀን አልቅሳ፣ ለጠጪዎቹ የሚሄደውን ቆሎ ከኦቾሎኒው ለይታ በሌላ ምጣድ መቁላት ጀመረች። አሮጌዎቹ ብርሌዎች ተሰበሩ። አዲሶቹ በሳሙናና በፈላ ውሃ፣ ወሰንየለሽ ከራሽኗ ቆጥባ በምታመጣው ገብስ ይታጠባሉ። አፈ ሰፊ ብርጭቆ ለብቻው መደርደሪያ ተሠርቶለታል። እንግዳ ሲቀመጥ እትዬ የሺ ከመቅዳታቸው በፊት «የማይስማማህ ነገር አለ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ እምቢ ያለውን ሁለተኛ አይሉትም። ሰው ሳቀባቸው፤ «ጠጅ ቤት ነው ክሊኒክ?» አለ። የቀሩት ጥቂት ጠጪዎችም ግማሾቹ «በሞቴ የማይባልበት ቤት ምን ቤት ነው» ብለው ቀሩ። ሲታሰብ ግን የጠየቁት ምን ከባድ ነገር ነው? አንድ ጥያቄ፣ አንድ ጠርሙስ መክፈቻ፣ የፈላ ውሃ። ይህን ያህል ነው፣ ለአንድ ሰው ነፍስ የሚጠየቀው ዋጋ።

በ1973 ጥር ላይ አንድ የማይታወቅ ጎልማሳ ከጓደኞቹ ጋር ገባ። እትዬ የሺ እንደ ልማዳቸው ጠየቁት። ሰውዬው አፍሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይቅርታ እትዬ፣ ኦቾሎኒ አይስማማኝም። እዚሁ የሚከፈት ቢራ ቢኖር» አላቸው። ጓደኞቹ ሊስቁ ሲሉ እትዬ የሺ ቀና ብለው አዩዋቸውና ሳቃቸውን ዋጡት። ቢራውን ከነቆርኪው አምጥተው ፊቱ አስቀመጡ፤ የከፈተችው ግን ወሰንየለሽ ናት። ሰውዬው ከጠርሙሱ ጠጣ፤ ሲጫወት አመሸ፤ አመስግኖ ተነሣ። እትዬ የሺ ተከትለውት ወጥተው ደጃፍ ላይ ቆሙ፤ ወደ ራጉኤል የሚወስደውን መታጠፊያ በእግሩ እየሄደ እስኪያልፍ ድረስ አዩት።